ጭንቀት፣ በሽታ የመከላከል አቅምና አንጎል፦ የብሩስ ማኪዩወን ምርምር ምን ያስረዳናል?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ስለ ሕመሙ ሲያወራ ጊዜውን ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው ከ2014ቱ ጦርነት ተነሥቶ ነው። «ስኳሩ የጀመረኝ ተፈናቅለን ከተመለስን ወዲህ ነው»፣ «እማዬ መርሳት ያበዛችው ወንድሜን ከቀበርን በኋላ ነው»፣ «ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ከያዘኝ ቶሎ አይለቀኝም» የሚሉ ንግግሮች በለቅሶ ቤትም፣ በቡና ላይም፣ በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይም ይሰማሉ። አድማጩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመልሳል፤ ወይ «ሐሳብ ነው የጣለሽ» ብሎ ሁሉንም ነገር በጭንቀት ያሳብባል፣ ወይም «ምርመራው ምንም አላሳየም፤ ዝም ብለሽ አታስቢ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የመጀመሪያው መልስ ከልክ በላይ ያብራራል፤ ሁለተኛው ጭራሽ አያብራራም። በጭንቀትና በሕመም መካከል ያለው መንገድ ግን ላለፉት ሃምሳ ዓመታት በቤተ ሙከራ ደረጃ በደረጃ ሲጠና የቆየ በመሆኑ፣ ዛሬ ከግምት የተሻለ መልስ መስጠት ይቻላል።

ይህን መንገድ ዕድሜ ልካቸውን ካጠኑት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1938 ተወልደው በ2020 መጀመሪያ ያረፉት አሜሪካዊው ብሩስ ማኪዩወን ናቸው። አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ አሳልፈዋል። ስማቸውን ያስጠራው የመጀመሪያው ግኝት በ1968 የታተመ ነው (ከዚህ በታች ያሉት የምርምር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማኪዩወንና ባልደረቦቻቸው የአይጥን የጭንቀት ሆርሞን በጨረር ምልክት አድርገው በአይጦች ሰውነት ውስጥ ካስገቡ በኋላ ሆርሞኑ አንጎል ውስጥ የት እንደሚያርፍ ተከታተሉ። ሆርሞኑ በብዛት ተጠራቅሞ የተገኘው ሂፖካምፐስ በተባለው ክፍል ነበር። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር የምንይዝበት፣ ቦታና ጊዜን የምናስታውስበት የአንጎል ክፍል ነው። ግኝቱ ያስደነቀበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንጎል የጭንቀትን ሆርሞን የሚያዝዝ እንጂ ራሱ በዚያው ሆርሞን የሚለወጥ ተደርጎ አይታሰብም ነበር።

የሆርሞኑ ጉዞ እንዲህ ነው። ሰው አደጋ ሲገጥመው ወይም አደጋ ሊመጣ ነው ብሎ ሲሰጋ፣ ከአንጎል ግርጌ የሚገኘው ሃይፖታላመስ በሁለት መንገድ ትእዛዝ ይሰጣል። አንደኛው በነርቭ በኩል በቅጽበት የሚደርስ ሲሆን፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች አድሬናሊን እንዲረጩ ያደርጋል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ሁለተኛው ደቂቃዎችን የሚወስድና በደም የሚጓዝ ነው፤ ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ እጢን፣ ፒቱታሪም አድሬናል እጢዎችን ቀስቅሶ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋል። ኮርቲዞል ጉልበት የሚሆን ስኳር ያዘጋጃል፤ ሰውነት ለጊዜው ሊያቆያቸው የሚችላቸውን ሥራዎች ያዘገያል፤ በመጨረሻም ወደ አንጎል ተመልሶ «በቃ» የሚለውን መልእክት ያደርሳል። ይህን መልእክት ከሚቀበሉት ክፍሎች አንዱ ያው ሂፖካምፐስ ነው። ኮርቲዞል የአደጋ ጊዜ ሆርሞን ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ በጤነኛ ሰው ላይ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሣ ከፍ ይላል፣ ወደ እኩለ ሌሊት ዝቅ ይላል። ያለ ኮርቲዞል ሰው በሕይወት አይቆይም።

በብዙ ጽሑፎች ላይ ጭንቀት በሽታ የመከላከል አቅምን «ያዳክማል» ተብሎ በደፈናው ይጻፋል። የማኪዩወንና የተማሪያቸው የፊርዳውስ ዳብሃር ሙከራዎች በ1990ዎቹ ያሳዩት ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። አይጦች ለ2 ሰዓት ያህል ጠባብ ቦታ እንዲታገዱ ተደርጎ ወዲያው ቆዳቸው ላይ ባዕድ ነገር ሲቀባ፣ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ካልተጨነቁት አይጦች ይበልጥ ኃይለኛ ምላሽ ሰጡ። (ለቲቢ ምርመራ ክንድ ላይ የሚሰጠው መርፌ ቆዳን የሚያሳብጠው በዚሁ ዓይነት ምላሽ ነው።) ይህ የሆነው አጭር ጭንቀት ነጭ የደም ሕዋሳትን ከደም ሥር አውጥቶ ቁስል ሊያገኛቸው ወደሚችሉ ቦታዎች፣ በተለይም ወደ ቆዳ ስለሚያሰማራ ነው። የሚታገል ወይም የሚሸሽ እንስሳ ሊቆስል ይችላልና፣ ሰውነቱ ቁስሉ ሳይመጣ ይዘጋጃል። ያው እገዳ በየቀኑ ለ6 ሰዓት ለሳምንታት ሲደጋገም ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ምላሹ ካልተጨነቁት አይጦችም በታች ወረደ። ሆርሞኑ ያው ነው፤ አይጧም ያቺው ናት፤ የተለወጠው ቆይታው ነው።

በሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በ1995 ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቻቸው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 13 ሴቶችን አጠኑ፤ ሴቶቹ አእምሯቸው በመርሳት በሽታ የተጎዳ ዘመዶቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ ነበሩ። በዕድሜና በኑሮ የሚመስሏቸው ሌሎች 13 ሴቶች ለንጽጽር ተመረጡ። በሁሉም ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቁስል በሐኪም ተሠርቶ እስኪድን ድረስ ክትትል ተደረገበት። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 48.7 ቀን ሲፈጅ የሌሎቹ 39.3 ቀን ፈጀ። ጥቂት ሰው የተሳተፈበት ጥናት ቢሆንም፣ ጭንቀት «በአእምሮ ብቻ» ያለ ነገር ነው ለሚል ሰው ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ የዳነ ቁስል ጥሩ መልስ ይመስለኛል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ባሳተሙት ሥራ አስታማሚዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲወስዱ የሚያመነጩት ፀረ እንግዳ አካል ከሌሎች ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ሼልደን ኮኸን ደግሞ በ1991 ባሳተሙት ጥናት ለ394 ጤነኛ ፈቃደኞች የጉንፋን ቫይረስ ያለበት ጠብታ በአፍንጫ ከሰጡ በኋላ ሁሉንም ለይተው አስቀምጠው ተከታተሉ። የጭንቀታቸው መጠን ዝቅተኛ ከነበረው ውስጥ 27 በመቶ ገደማ፣ ከፍተኛ ከነበረው ውስጥ 47 በመቶ ገደማ ጉንፋን ያዛቸው። ሁሉም ቫይረሱን አግኝተዋል፤ ሁሉም ግን አልታመሙም።

እዚህ ላይ አንድ የሚቃረን የሚመስል ነገር ይመጣል። ኮርቲዞል ብግነትን፣ ማለትም ሰውነት ለጀርምና ለቁስል የሚሰጠውን የመቆጣት ምላሽ የሚያበርድ ሆርሞን ነው። በ1948 ፊሊፕ ሄንች በሜዮ ክሊኒክ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሕመምተኛ ኮርቲዞን የተባለውን የኮርቲዞል የቅርብ ዘመድ ሰጥተው ያገኙት ለውጥ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሁለት ሌሎች ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል፤ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ያሉት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ታዲያ ለረጅም ጊዜ የተጨነቀ ሰው ኮርቲዞሉ ሲመነጭ ከኖረ፣ ብግነቱ ከሌላው ሰው ያነሰ ሊሆን አይገባም ነበር? የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ በብዙ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ የተጨነቁ ሰዎች ደም ውስጥ የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለው ይገኛሉ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የተሳቢ ሹፌር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ያንን ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች ፍሬን ረግጦ ለመውረድ የሞከረ ሹፌር ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያም እግሩ ወለሉን ቢነካ እንኳ መኪናው አይያዝለትም፤ ፍሬኑ የተረገጠ ነው፣ ጎማው ግን አይሰማውም። ኮርቲዞልም በብግነት ላይ ያለ ፍሬን ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ለወራት ያለ ዕረፍት ኮርቲዞል ሲነገራቸው መልእክቱን ለመቀበል የሚጠቀሙበት ተቀባይ ይደነዝዝና ትእዛዙን መስማት ያቆማሉ። ግሪጎሪ ሚለርና ሼልደን ኮኸን በ2002 ባሳተሙት ጥናት ካንሰር የያዛቸው ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ደም ወስደው በቤተ ሙከራ ውስጥ ከዴክሳሜታዞን ጋር ሲያገናኙት፣ መድኃኒቱ የብግነት መልእክተኞችን የማፈን ኃይሉ ጤነኛ ልጆች ካሏቸው ወላጆች ደም ላይ ከታየው ያነሰ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የረጅም ጊዜ ጭንቀት በሽታ የመከላከል ሥርዓትን በአንድ በኩል ያደክመዋል፤ ቁስል ይዘገያል፣ ክትባት በደንብ አይዝም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ልጓሙን ያላላበታል፤ አነስተኛ ግን የማይበርድ ብግነት ይቀጥላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ገዝቶ መዋጥ ነገሩን የሚያስተካክል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ አያስተካክለውም። እነዚህ መድኃኒቶች ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰዱ ከሆነ ደግሞ የሰውነትን የራሱን ኮርቲዞል ስለሚያቋርጡት በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ የሚቀነሱት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ወደ አንጎል እንመለስ። የብግነት መልእክተኞቹ፣ ሳይቶካይን የሚባሉት ፕሮቲኖች፣ በደምም ሆነ ቬገስ በተባለው ረጅም ነርቭ በኩል ወሬያቸውን ወደ አንጎል ያደርሳሉ። ወባ ወይም ታይፎይድ የያዘው ሰው ምግብ የሚያስጠላው፣ ሰው ማየት የማይፈልገው፣ ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ብቻ የሚያምረው ጀርሙ በቀጥታ ስላደከመው ብቻ አይደለም፤ አንጎሉ የሳይቶካይኖቹን መልእክት ተቀብሎ ጉልበት እንዲቆጠብ ስላዘዘ ጭምር ነው። ለጥቂት ቀናት ከሆነ ጠቃሚ ነው። ብግነቱ ለወራት ሳይበርድ ሲቆይ ግን ይኸው ስሜት፣ ማለትም ምግብና እንቅልፍ መዛባት፣ ደስታ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ድብርት ከምንለው ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቀድሞ ለጉበት ቫይረስ ሕክምና ኢንተርፌሮን የተባለውን ሳይቶካይን በመርፌ ከወሰዱ ሕመምተኞች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ከዚያ በፊት የማያውቁት ድብርት እንደያዛቸው በሕክምናው ዓለም በሚገባ የታወቀ ነው። ይህ ማለት ድብርት ሁሉ ብግነት ነው ማለት አይደለም፤ አንዱ መንገድ ግን በዚህ በኩል ያልፋል።

ማኪዩወን ከሁሉም በላይ የተመራመሩት ግን የአንጎል ሕዋሳት ቅርጽ ላይ ነው። በ1992 ቡድናቸው ባሳተመው ሥራ በየቀኑ ለ6 ሰዓት ለ21 ቀናት የታገዱ አይጦች በሂፖካምፐሳቸው ውስጥ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ቅርንጫፎች አጥረውና ሳስተው ተገኙ። ሕዋሳቱ አልሞቱም፤ እጃቸውን ሰበሰቡ ቢባል ይሻላል። በኋላ የመጡ ሥራዎች እገዳው ከቆመ ቅርንጫፎቹ ተመልሰው እንደሚያድጉ አሳይተዋል። በሰው ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው በ2009 የወጣው ጥናት ነው፤ ለከባድ ፈተና አንድ ወር በጭንቀት ሲዘጋጁ የነበሩ 20 የሕክምና ተማሪዎች ትኩረታቸውን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ማዞር ካልተጨነቁት ጋር ሲነጻጸር ከብዷቸው ተገኘ፤ በአንጎል ምስልም ላይ ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ቅንጅት ላልቶ ታየ። ፈተናው አልፎ አንድ ወር ካረፉ በኋላ ሁለቱም ተስተካከሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ «ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ» ሲል የሚያወራው ስለዚሁ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉም ግን እኩል አይመለስም። ፍርሃትን የሚይዘው አሚግዳላ የተባለው ክፍል በረጅም ጭንቀት ውስጥ ቅርንጫፎቹ እንደ ሂፖካምፐስ አይሳሱም፤ እንዲያውም ይበዛሉ። በሕንድ ባንጋሎር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2004 እንዳሳዩት አይጦቹ ለ21 ቀናት ካረፉ በኋላ እንኳ የአሚግዳላው ለውጥ አልተመለሰም ነበር። ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ ሥራውንም ትምህርቱንም በአግባቡ የያዘ ሰው በር በኃይል ሲዘጋ ወይም የመኪና ጎማ ሲፈነዳ የሚደነግጠው ለምን እንደሆነ ይህ በከፊል ያስረዳል። ማኪዩወን በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ሌላ ሥራ ደግሞ በወጣት አይጦች የሚታየው ማገገም ባረጁ አይጦች ላይ እንደማይታይ ተመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ግምት ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከአምስቱ አንዱ ገደማ፣ ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለባቸው፤ ከአምስቱ አራቱ ግን የላቸውም።

በ1993 ማኪዩወን ከኤሊየት ስቴላር ጋር ሆነው ይህን ሁሉ አንድ የሚያደርግ ሐሳብ አቀረቡ። በእንግሊዝኛው አጠራር አሎስታቲክ ሎድ ይባላል፤ የመላመድ ሸክም ብንለው ያስኬዳል። ሰውነት ከሁኔታዎች ጋር ለመላመድ የሚያደርገው ጥረት ራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋው በዓመታት ይጠራቀማል የሚል ነው። ሐሳቡን ጠቃሚ ያደረገው የሚለካ መሆኑ ነው። በ1997 እሳቸውም የተሳተፉበት ቡድን ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 የሆኑ ሰዎችን በአሥር መለኪያዎች ለካ፤ የላይኛውና የታችኛው የደም ግፊት፣ የወገብና የዳሌ ስፋት ንጽጽር፣ ኮሌስትሮል፣ የወራት የስኳር ክምችት፣ የጭንቀት ሆርሞኖች የመሳሰሉት ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ላይ ከፍ ያሉባቸው ሰዎች በቀጣዮቹ ዓመታት የማስታወስም የመንቀሳቀስም አቅማቸው ይበልጥ ቀነሰ። ከመለኪያዎቹ የሚበዙት ውድ ምርመራ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የደም ግፊትና ስኳር በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይለካል።

አሁን በመግቢያው ላይ ላነሣናቸው ንግግሮች መልስ መስጠት ይቻላል። «ስኳሩ ከመፈናቀሉ ወዲህ ጀመረኝ» ያለው ሰው የማይሆን ነገር አልተናገረም፤ ኮርቲዞልና አድሬናሊን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የምግብ መዛባትም ይጨመርበታል። ነገር ግን ሳይንሱ ስለ ብዙ ሰዎች እንጂ ስለ አንድ ሰው የሚናገር ባለመሆኑ፣ የእሱ ስኳር የመጣው በዚያ ምክንያት ብቻ ነው ብሎ የሚፈርም ሐኪም የለም። የጨጓራ ቁስል ታሪክ እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ቁስሉ በጭንቀት ይመጣል ተብሎ ሲታመን ከቆየ በኋላ፣ አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አብዛኛውን የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በአንቲባዮቲክ የሚድን ሕመም በሐሳብ ሲሳበብ የኖረ ስንት ሰው ነበር። ለመርሳት በሽታም ቢሆን በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ግምገማ ከዘረዘራቸው 14 ሊቀነሱ የሚችሉ መንስኤዎች ውስጥ ጭንቀት በስሙ አልተጠቀሰም፤ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ድብርትና ከሰው መነጠል ግን ተጠቅሰዋል። ስለዚህ «ሐሳብ ነው» የሚለው መልስ ወደ ምርመራ የሚወስደውን በር መዝጋት የለበትም።

ስለ መፍትሔ የሚታወቀው ከሚወራው ያነሰ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። በ2011 የታተመ ጥናት ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውን 120 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ በእግራቸው ፈጠን ብለው የሄዱት ሰዎች ሂፖካምፐሳቸው በ2 በመቶ ገደማ መጨመሩን አሳይቷል፤ መፍታታት ብቻ የሠሩት ሰዎች ግን ቀንሶባቸዋል። ደሴ ላይ አስቸጋሪው ዳገት ማግኘት ሳይሆን ሜዳ ማግኘት ነው፤ ዳገቱ ለጤነኛ ልብ ጥሩ ነው፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። እንቅልፍ ሌላው ነው። ኮርቲዞል ማታ እንዲወርድ ማታው ማታ መሆን አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት የሚዘልቅ በርጫ ከዚህ ጋር አይሄድም፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ እንቅልፍን ስለሚያርቅ ያረፉ የሚመስላቸው ሰዎች ሰውነታቸውን አላሳረፉትም።

ከሁሉም ይልቅ ለወሎ ሰው ቅርብ የሚመስለኝ ኮኸን በ1997 ያሳተሙት ሥራ ነው። 276 ፈቃደኞች እንደ ቀድሞው የጉንፋን ቫይረስ ከተሰጣቸው በኋላ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ማኅበራዊ ግንኙነት ካላቸው (የትዳር፣ የቤተ ዘመድ፣ የጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የእምነት ማኅበር የመሳሰሉት) ይልቅ ከአንድ እስከ ሦስት ዓይነት ብቻ ያላቸው በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ልብ የሚባለው የሰው ብዛት ሳይሆን የግንኙነቱ ዓይነት መለያየት ነው። ቅሬ (እድር)፣ የዱዓ ስብስብ፣ ማኅበር፣ የጎረቤት ቡና የየራሳቸው ዓይነት ናቸው። ከመፈናቀል በኋላ ሰፈሩን ቀይሮ ቅሬው የተበተነበት ቤተሰብ ያጣው ለቀብር የሚሆን ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም፤ በአዲሱ ሰፈር ቶሎ ቅሬ መግባቱም ከጤና ጉዳይ ውጭ አይደለም።

አንድ የሚዘነጋ ሰው አለ። በ1995ቱ ጥናት ቁስላቸው የዘገየው ሕመምተኞቹ አይደሉም፤ አስታማሚዎቹ ናቸው። የሚረሱ እናቶችንና አባቶችን፣ በጦርነቱ የተጎዱ ወንድሞችን ቤት ውስጥ የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጆች ወይም ሚስቶች ናቸው፤ ቦሩ ሜዳም ሆነ ደሴ ሆስፒታል ሲመጡ ካርድ የሚወጣው ለታማሚው ብቻ ነው። አስታማሚዋ ወረፋ ስትጠብቅ የራሷንም የደም ግፊት እዚያው ብታስለካ፣ እንቅልፍ ካጣች ስንት ሳምንት እንደሆናት ለሐኪሙ ብትነግረው፣ ዘመድም የሌሊቱን ተራ ቢካፈላት፣ እዚህ የተጻፈውን ምርምር በሥራ ለማዋል ሌላ ልዩ ሕክምና መጠበቅ አያስፈልግም።